ድርብ ቋጠሮ

ሰኞ 2

ይህ ደብተር የተገዛው ለሥራ ነበር፤ የትኛው ወንበር ስንተኛ እጅ ፖሊሽ እንደጠጣ ልመዘግብበት። ዛሬ ግን ከትምህርት ቤት ስብሰባ ስመለስ ለማንም የማልነግረው ነገር ሆዴ ገብቷልና ሌላ ልጽፍበት ነው።

ርዕሰ መምህሩ ሦስት ተማሪዎች የስፖርት ልብስ መቀየሪያ ክፍል ውስጥ ሰክረው እንደተገኙ ነገረን። አንደኛዋ ራሷን ስታ በሸክም ነው የወጣችው። መጠጡን ከለስላሳ ጋር ቀላቅለው በውሃ ኮዳ ይዘውት ይገባሉ አለ። ዕድሜያቸው አሥራ አምስት፣ አሥራ ስድስት ነው። የዚህ ዕድሜ ልጅ ልኩን አያውቅም፣ ሰውነቱም አይችልም ሲል ወላጅ ሁሉ በጎን ይተያያል። እኔም የጎን የጎኑን ሳይ ቆየሁ። ያየሁት አባት ሁሉ ጥፋተኛ መሰለኝ።

የእኛዋ ከሦስቱ ውስጥ የለችም። ሚጢጢ ነው የምንላት፤ ስትወለድ እፍኝ አትሞላም ነበር። አሁን አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፣ እናቷን በግንባር ትበልጣለች። ኮዳ ግን እሷም አላት፣ ሰማያዊ። እንደገባሁ ከፍቼ አሸተትኩት። ምንም የለም። የእኔ አፍንጫ ግን ለምስክርነት አይበቃም። ሃያ ዓመት የቤት ዕቃ ፖሊሽ ሳደርግ ፖሊሹ የሚበጠበጥበት ስፒሪት ገድሎታል። ቤታችን፣ ልብሳችን፣ ባለቤቴ እንደምትለው ትራሳችን ሳይቀር ስፒሪት ስፒሪት ይላል። እዚህ ቤት ሰው ሰክሮ ቢገባ በምን ይለያል?

ያልጠረጠረ ተመነጠረ። ከዛሬ ጀምሮ ዓይኔን እከፍታለሁ።

ሐሙስ 5

ቸኩያለሁ። ዝናቡ አላባራም። እርጥበት ሲበዛ ፖሊሹ ነጭ ጉም ያወጣል። በስፒሪት የራሰ ጨርቅ አንዴ አሸት ሳደርገው ይጠፋል፣ በማግስቱ ተመልሶ ይመጣል። አሥራ ሁለት ወንበርና አንድ ረጅም ጠረጴዛ፣ ለአንድ መሰብሰቢያ አዳራሽ፣ እስከ ወሩ መጨረሻ። ወርክሾፑ ስለጠበበ ስድስቱን ወንበር ቤት አምጥቼ ጓሮ ያለችው ክፍሌ ውስጥ ደረደርኳቸው።

ስገባ የሚስቴ ወንድምና ሚጢጢ በር ላይ ቆመው ይሳሳቃሉ። እኔን ሲያዩ ጸጥ። ምን እንዳሳቃቸው ብጠይቅ "ምንም ጋሼ" አለ። ምንም ሰውን ሲያስቅ አይቼ አላውቅም። ይህ ሰው ከእኛ ጋር መኖር ከጀመረ ዓመት ሆነው። ሥራው ደግሞ ቢራና ለስላሳ የሚያከፋፍል መኪና መንዳት ነው። ከዚህ በላይ ምን ልጨምር?

ጥግ ላይ ያለውን ባለ ሱቅ ለተማሪ መጠጥ ይሸጥ እንደሆነ ጠየቅሁት። ሳቀብኝ። ከዚህ ሰፈር ለማን እንደምሸጥማ አንተም ታውቃለህ አለኝ። ባለ ሱቅ ሲጠየቅ ወደ ቀልድ ይሸሻል።

እሑድ 8

ባለቤቴ ተኝታለች። ዳቦ ቤት ስለምትሠራ ከጎህ በፊት ትነሳለች። ስለ ቀዩ ጨርቅ ልጻፍ።

ስፒሪት የሚመጣው በበርሜል ነው። እኛ ለእጅ እንዲመቸን ወደ ባዶ የመጠጥ ጠርሙስ እንገለብጠዋለን፤ አንገቱ ቀጭን ስለሆነ ጠብ ጠብ እያለ ይወርዳል። እና አንገቱ ላይ ቀይ ጨርቅ እናስራለን። ሙያውን ያስተማረኝ አለቃዬ "ማንበብ የማይችል ሰው አለ፣ ቀይ የማይገባው ሰው የለም" ይል ነበር። በወጣትነቱ አንድ ባልደረባው ቀይ ጨርቅ ካልታሰረበት ጠርሙስ ሁለት ጉንጭ ጠጣ። በዚያው ዕለት ምንም አልሆነም፣ ትንሽ ሞቅ አለው እንጂ። በማግስቱ "ኧረ መብራቱን አብሩት" አለ። ቀን ነበር።

ይህን ታሪክ ለሚጢጢ የስድስት ዓመት ልጅ ሳለች ነግሬአታለሁ። ከዚያ በኋላ የጓሮውን ክፍል የምታልፈው እጆቿን ወደ ኋላ አጣምራ ነበር። እንዴት እንደሳቅን!

የሚቀጥለው ለራሴ ብቻ ነው። ጓሮ ከቆሙት ጠርሙሶች አንዱ ስፒሪት አይደለም። ቀኑን ሙሉ በብርጭቆ ወረቀት እንጨት የሚፈገፍግ ሰው ጉሮሮው ላይ አቧራ ይቀመጣል፣ አንድ መለኪያ ያወርደዋል። አንዳንዴ ሁለት። ባለቤቴ ከሦስት ዓመት በፊት አስምላኛለች፤ ምክንያቱን እዚህ መድገም አያስፈልግም። ስለዚህ የእኔን ጠርሙስ ቀይ ጨርቅ አስሬ ከስፒሪቶቹ መሃል አቆምኩት። የሌሎቹ አንድ ቋጠሮ ነው፣ የእኔ ድርብ። ማን ይነካዋል? ስድስት ወር ሙሉ ማንም አልነካውም። ብልሃቱን ሳስበው አንዳንዴ ብቻዬን ፈገግ እላለሁ።

አሁን ግን ሁለት ሳምንት የሚቆየኝ በሳምንት እያለቀ ነው። ይህ ደግሞ የእኔ መለኪያ ስለበዛ አይደለም። በፍጹም።

ማክሰኞ 10

በእርሳስ ምልክት አደረግሁበት። የጠርሙሴ ወረቀት ላይ፣ ከማዕዘኑ። እኔ ብቻ የማውቀው ጭረት።

ቅዳሜ 14

ሁለት ጣት ጎድሏል። እኔ ከሐሙስ ወዲህ አልነካሁትም። (ሐሙስን ቆጥሬ ነው።)

የሚስቴን ወንድም መኪናውን ሲያጥብ አገኘሁትና ጓሮ ካሉት ጠርሙሶች አንዱ መጉደሉን ጣል አደረግሁለት። ቀና ብሎ አየኝና "ቀይ ጨርቅ የታሰረበትንማ በእንጨትም አልነካ ጋሼ" አለ።

እኔ ቀይ የሚል ቃል ከአፌ አላወጣሁም! እርግጥ ጓሮ ያለው ጠርሙስ ሁሉ ቀይ ጨርቅ እንዳለው ቤተሰቡ በሙሉ ያውቃል። ቢሆንም።

ነገሩን ሳገጣጥመው እንዲህ ነው፤ ከእኔ ይሰርቃል፣ ለልጄ ያቀምሳል። የሚሳሳቁት ለዚህ ነው።

ሰኞ 16

ሚጢጢ ትምህርት ቤት አልሄደችም። ራሴን አሞኛል ብላ እስከ ረፋድ ተኛች። ሻይ ወስጄላት አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ፊቷ ገርጥቷል። ዓይን ዓይኔን ስታየኝ ቆየችና፣

"አባዬ፣ አንተ ስትጠጣ በማግስቱ ራስህን ያምሃል?" አለችኝ።

"እኔ መቼ ጠጥቼ አውቃለሁ?"

"እሺ" አለች። ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች።

ቀኑን ሙሉ ይህቺ እሺ ጆሮዬ ላይ ናት። አንድ ሰው ስለ እኔ ነግሯታል ማለት ነው። ማን ሊሆን ይችላል? እናቷ እንደገና መጀመሬን አታውቅም። የቀረው እሱ ነው። የሰው ስም ማጥፋት ከልጅ መጀመሩ!

ረቡዕ 18

ጓሮ ከወንበሮቹ ኋላ ሁለት የሻይ ብርጭቆ አገኘሁ። ታጥበው፣ ተደፍተው። ያ ሰው ሴት ያስገባል እንዴ? ሚጢጢና ጓደኛዋ ከትምህርት ቤት መልስ የሚያጠኑት እዚያው ክፍል ውስጥ ነው፣ ጸጥ ይላል ብለው። ልጆች የሚያጠኑበት ቦታ!

ጓደኛዋ ከፊት ለፊታችን ያለችው የልብስ ሰፊዋ ልጅ ናት። ሰፈሩ ሳቂታዋ ይላታል፤ ዝም ብለህ ብታያት እንኳ ትስቃለች። የእናቷ ዓይን ስለደከመ ክር በመርፌ የምታስገባላት እሷ ናት። ወደ ትምህርት ቤት ስትሄድ በአሥር መርፌ ክር አስገብታ ለእናቷ ትታላት ትወጣለች።

ማታ ልብስ ሰፊዋ መንገድ ላይ አስቆመችኝ። "የሚጢጢ አባት፣ ልጄ እናንተ ጋ አጥንታ ስትመለስ እንቅልፍ ይጥላታል። ምንድነው ነገሩ?" አለች። ጥናት ያደክማል አልኳት። ከጠረጠርሽ የራስሽን ልጅ አሽትቺ ልላት ፈልጌ ነበር፣ ተውኩት። እሷም ባሸታትም የቤትህ ሽታ ልብሷ ላይ ይቀራል፣ ከዚያ ሌላ ምንም አይለይም ብላ ሄደች። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች።

ዓርብ 20

አራት ወንበር ቀረ። ጠረጴዛው አሁንም ጉም ያወጣል።

ዛሬ ነገሩን ቆረጥኩት። የእኔን ጠርሙስ ወርክሾፕ ወስጄ መሣሪያ ሳጥኔ ውስጥ ቆለፍኩበት። ግን ቦታው ባዶ ከሆነ ሌባው እንደነቃሁበት ያውቃል። ስለዚህ በዚያው ቦታ ሌላ ጠርሙስ አቆምኩ፣ ያው ዓይነት፣ ያው ልክ። ጨርቁንም እንደ እኔው ድርብ ቋጠርኩት።

ውስጡ ያለው ያለው ነው። አንድ ጉንጭ ወስዶ ይተፋዋል፣ አፉ ሲቃጠል ማን እንደሆነ ፊቱ ይነግረኛል። ትልቅ ሰው ነው፣ አፍንጫ አለው፤ አይውጠውም። አስቤበታለሁ። ቸኩዬ ነው እንጂ አስቤበታለሁ።

ቅዳሜ 21

ወርክሾፕ ዋልኩ። ሁለት ወንበር ጨረስኩ። ቤት ስገባ የሚስቴን ወንድም ፊት አየሁ። ምንም የለበትም። እየበላ ይቀልዳል። ሚጢጢ እራት አልበላችም።

እሑድ 22

ሆስፒታል ነኝ። ኮሪደር። ጠዋት ልብስ ሰፊዋ በራችንን ደበደበችው። ሳቂታዋ ሲነጋጋ ጀምሮ ታስመልሳለች፣ "ቤቱ ውስጥ ጉም ገብቷል" ትላለች። ሚጢጢ ይህን ስትሰማ ግድግዳ ተደግፋ ቁጭ አለች፤ እሷንም አስመለሳት። የሚስቴ ወንድም ሁለቱንም አቅፎ መኪናው ላይ ጫናቸው። መንገዱን ሁሉ የባዶ ጠርሙስ ሳጥን ከኋላችን ሲንኳኳ

ጠሩን።

ሰኞ 23

ሚጢጢ ደህና ናት። ግማሽ ብርጭቆ እንኳ አልጨረሰችም፤ ጣዕሙ ስላልጣማት ተወችው። ሳቂታዋ ግን በለስላሳ ቀላቅላ ሙሉውን ጠጥታለች። ደሟን በማሽን እያጠቡላት ነው። የጠጡት ቅዳሜ ከሰዓት ነው፣ ጓሮ፣ ደብተሮቻቸው ተከፍተው።

ለሐኪሟ ስፒሪት መሆኑን ወዲያው ነገርኳት። በስህተት የተቀላቀለ ጠርሙስ ሳይሆን አይቀርም አልኩ። ያው ነው፣ ዋናው መድኃኒቱን መጀመራቸው ነው።

ባለቤቴ አላለቀሰችም። ልጆቹ ቀይ ጨርቅ ያለውን ለምን ደፍረው እንደጠጡ ጠየቀች። ቀስ ብላ ወደ ወንድሟ ዞረች። "መጠጥህን እዚያ መሃል ትደብቅ ነበር አይደል?" አለችው። እሱ እህቱን አየ፣ ከዚያ እኔን። ብዙ አየኝ። "እኔ አይደለሁም እትዬ" ብቻ አለ። ማታውን ሻንጣውን ይዞ ከቤት ወጣ።

እኔ ደክሞኝ ነበር።

ረቡዕ 25

ወዲያው ብዬ ጽፌአለሁ። ወዲያው አልነበረም።

ሐኪሟ ሦስት ጊዜ ጠየቀች። መጀመሪያ ምን እንደጠጡ ሚጢጢን ስትጠይቃት ልጄ "ከሱቅ ገዝተን ነው" አለች። ይህን ስትል እኔን አየችኝና ዓይኗን ሰበረች። ያኔ ገባኝ። ከሱቅ አለመግዛቷም፣ ለምን እንደዋሸችም ገባኝ። እናቷ አጠገባችን ቆማ ነበር። ልጄ እየታመመች የምትሸፍነው እኔን ነው።

ሁለተኛ ጊዜ ሐኪሟ ወደ እኛ ዞራ "ቤታችሁ ውስጥ ኬሚካል አለ? አባት፣ እያንዳንዷ ደቂቃ ለዓይኗ ናት" አለች። እኔ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየሁ። ሦስት ሰዓት ተኩል ይላል። ስፒሪት ካልኩ ለምን ጠጡት ይሉኛል። ለምን ጠጡት ካሉኝ ጨርቁ ይመጣል። ጨርቁ ከመጣ ቋጠሮው ይመጣል። ከሱቅም ሊሆን ይችላል እያልኩ ለራሴ አስረዳ ነበር። የባለ ሱቁን ሳቅ ሁሉ አስታወስኩ።

ሦስተኛ ጊዜ ስትመጣ ሳቂታዋ ከውስጥ "እማዬ መጋረጃውን ግለጪልኝ" ስትል ሰማሁ። መጋረጃ አልነበረም። ያኔ ተናገርኩ። አራት ሰዓት ከአሥር ይላል።

አርባ ደቂቃ። ጻፍኩት፣ በቃ።

ቅዳሜ 28

ወንበሮቹን ሌላ ሰው ጨረሳቸው። ሚጢጢ ከሆስፒታል ወጥታለች። ባለቤቴ አልጋዋን ወደ ልጅቷ ክፍል አዛውራለች፤ ከእኔ ጋር የምታወራው ስለ መድኃኒት ሰዓት ብቻ ነው።

ከሰዓት ጓሮ ገብቼ ጠርሙሶቹን ሳወጣ ሚጢጢ በሩ ላይ ቆመች። እጆቿን ወደ ኋላ አጣምራለች፣ እንደ ድሮው። ድርብ ቋጠሮው የእኔ መሆኑን ካወቀች ቆይታለች። አንድ ቀን ስቀዳ በመስኮት አይታኝ ኖሯል። ለምን እንደጀመረች ጠየቅሁ። ጓደኞቿ አስገድደዋት እንደሆነ እንድትነግረኝ ፈልጌ ነበር።

"ከሱ ስትጠጣ ትስቃለህ" አለች። "ከእኔ ጋር የምታወራው ያኔ ነው። ምን እንዳለው ለማየት ነበር።"

ጠርሙሶቹን አንድ በአንድ ተመለከተችና ቀጠለች።

"ቀይ የታሰረበት አይነካም ብለኸኛል። ከዚያ ቀይ ያንተ ሆነ። አሁን ቀዩ ምን ማለት ነው አባዬ?"

ስፒሪት ነው፣ ድሮም ስፒሪት ነው አልኳት።

"የዚያን ቀኑን ድርብ አድርጎ ያሰረው ማነው?"

"ተሳስቼ ነው" አልኩ። "ቸኩዬ ነበር።"

"እሺ" አለች። ከዚያ ዞር ብላ "አጎቴ ሲወቀስ ግን ለምን ዝም አልክ?" አለችኝና ወደ ቤት ገባች።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል። የእኔ አልፈታም አለ። ጨርቁን በጥርሴ ነው የፈታሁት። መሣሪያ ሳጥኑ ውስጥ ያለው ጠርሙስ እዚያው ነው። ከመቼ ወዲህ እንዳልነካሁት አልጽፍም፣ ማን ያምነኛል?

እሑድ 6

ዛሬ ልብስ ሰፊዋ ቤት ሄድኩ። የታመመ ልጠይቅ ብዬ ነው የወጣሁት፣ ሌላ ነገር እናገራለሁ ብዬ አልቆረጥኩም ነበር።

ሳቂታዋ መስኮት አጠገብ ተቀምጣለች። ስገባ ፊቷን ወደ ኮቴዬ አዞረችና "ማነው?" አለች። በመካከላችን ሦስት ክንድ ቢሆን ነው። ጠርዝ ጠርዙን ታያለች፣ መሃሉ ላይ ጉም አለ። ሐኪሞቹ ሊገፈፍም ላይገፈፍም ይችላል፣ ጠብቁ ብለዋል። እኔ ጉም የማነሳው በምን እንደሆነ ትዝ አለኝና የምቀመጥበት ጠፋኝ።

ሚጢጢም እዚያ ነበረች። ከትምህርት ቤት መልስ የምትውለው እነሱ ጋ ነው። ጭኗ ላይ የመርፌ ትራስ አስቀምጣ ክር በመርፌ ታስገባለች፤ ለነገ እንዲሆን አሥር መርፌ፣ በተርታ።

"የሳቂታዋ እናት" አልኩ። ማሽኗን እየረገጠች ነበር፣ አላቆመችም። "ስፒሪቱ በስህተት አልተቀላቀለም። መጠጡ የእኔ ነበር። እሱን አንስቼ በቦታው ስፒሪት ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። ድርብ ቋጠሮውንም ያሰርኩት እኔ ነኝ፣ አውቄ። የሚስቴን ወንድም ልይዘው ብዬ። ሆስፒታልም እያወቅሁ አርባ ደቂቃ ዝም ብያለሁ።"

ማሽኑ ቆመ። ሳቂታዋ እጇን ዘርግታ የሚጢጢን ጉልበት ፈለገችና ያዘችው። ልብስ ሰፊዋ ወደ እኔ ዞረች። በደከመ ዓይኗ ምን ያህል እንደምታየኝ አላውቅም።

"ለሚስትህ ነግረሃል?"

"አልነገርኩም።"

"ለወንድሟስ?"

"አልነገርኩም።"

"እዚህ ምን ታደርጋለህ ታዲያ?" አለች። "ሂድና ንገር። እኔን የምታናግረኝ ከዚያ በኋላ ነው።"

ተነሳሁ። በር ላይ ስደርስ የልጄን እሺ ጠበቅሁ፤ ሁለት ጊዜ ሰምቼዋለሁ፣ ድምፁን አውቀዋለሁ። እሷ ግን መርፌዋን ወደ ብርሃኑ አንስታ ክሩን አስገባች፣ ጫፉን አንድ ጊዜ ቋጠረችና ትራሱ ላይ ሰካችው።